ምርጥ ተሞክሮ

ሀረገወይን ከማስተማር የወጣችው ጉሮሮዋ ስለከዳት ነው እንጂ፣ ኋላ እንደተወራው ለተማሪ ነፍስ አስባ አልነበረም። ይህን እሷም አትደብቅም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባለ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ አስተማረች፤ በአንድ ክፍል ስልሳ ተማሪ፣ በቀን አምስትና ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ ሁሉንም በጩኸት። በሃያኛው ዓመት መግቢያ ላይ ድምፅዋ ይሰነጠቅ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ይጠፋና ተማሪዎቹ የከንፈሯን እንቅስቃሴ እያዩ ይሳሳቃሉ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን በትንሽ መስተዋት አየና፣ "ወይ እርስዎ ዝም ይላሉ፣ ወይ እሱ ዝም ያሰኝዎታል" አላት።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ መጮህ የማይጠይቅ ሥራ ቢኖር ቤተ መጻሕፍት፣ ንብረት ክፍልና የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ነው። ሁለቱ ሰው ነበራቸው። የምክሩ ቦታ ግን ባለሙያዋ ለቅቃ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሀረገወይን ወደዚያ ለመዛወር ማሰቧን ስትነግረው ባሏ አስፋው ጉርሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት።

"አንቺ?" አለ። "አንቺ ሰው አስጨርሰሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"ድምፅ ከሌለኝ ምን አማራጭ አለኝ? እሰማለኋ።"

አስፋው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ነገሩ ቆረቆራት።

ቦታው በሙያው የሠለጠነ ሰው ይፈልግ ስለነበር፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ ደብተር ገዝታ ሜክሲኮ አጠገብ ባለ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ሆነች። ዓብዱልሰላም የሚባል አስተማሪ ነበራቸው፤ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ሹራብ የሚለብስ፣ በዕድሜ ከእሷ በብዙ የሚያንስ ሰው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አንዱን ባለ ችግር፣ ሌላውን አማካሪ ያደርግና ከኋላ ቆሞ ያዳምጣል። የሀረገወይን ተራ ሲደርስ፣ ባለ ችግር ሆና የተቀመጠችው ሴት ገና "ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ..." ከማለቷ፣ ሀረገወይን ማታ ማታ ቡና እንድትተው፣ ስልኳን ከአልጋዋ እንድታርቅ፣ እግሯን በሞቀ ውኃ እንድትታጠብ፣ ሌላም ሌላም ደረደረችላት። ዓብዱልሰላም በጣቶቹ ይቆጥር ነበር።

"በአራት ደቂቃ ዘጠኝ ምክር" አለ። "ወይዘሮ ሀረገወይን፣ ሴትየዋ ግን ለምን እንደማትተኛ እስካሁን አልነገረችዎትም።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሀረገወይን እስከ ጆሮዋ ቀላች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁማ መልስ ሲጠፋቸው ያሳቀችባቸው ልጆች ፊታቸው አንድ በአንድ መጣባት። ትምህርቱን የምር የያዘችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አስፋው ሲያወራ አፏን እየያዘች ማዳመጥ ተለማመደች። ከጎረቤት ጋር ደረጃ ላይ ስትቆም መልስ ሳይሆን ጥያቄ ታስብ ጀመር። ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀባት፤ እስከዚያ ክፍለ ጊዜ ተቀንሶላት ኬሚስትሪ እያስተማረች ቆየች፤ ስትጨርስ ድምፅዋም በመጠኑ ተመልሶላት ነበር። በኬሚስትሪ ግን አልቀጠለችም። ሥራውን ወድዳው ነበር።

የሰጧት ክፍል የተሰባበረ ዴስክ ይከማችበት የነበረ ነው። ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሆና አስወጣች፤ አጠበች፤ ከቤቷ መጋረጃ አምጥታ ሰቀለች፤ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ዘወር አድርጋ አስቀመጠች። ዳይሬክተሩ አቶ ሀብተሥላሴ መጥተው አዩና "ጠረጴዛስ?" አሉ።

"ጠረጴዛ መካከላችን ባይኖር ይሻላል ብዬ ነው።"

"መዝገቡን ታዲያ ምን ላይ ትጽፊያለሽ?"

አቶ ሀብተሥላሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከበላይ የሚመጣ ጥያቄ የሚያስፈራቸው፣ ለእያንዳንዱ ነገር ማስረጃ የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። ጠረጴዛም ሰፊ መዝገብም ላኩላት። መዝገቡ "የተማሪው ስም"፣ "የታየ ችግር"፣ "የተሰጠ ምክር"፣ "የተገኘ ውጤት" ተብሎ በመስመር የተከፈለ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀሩትን አርፋጆች ግቢ ካስጠረጉ በኋላ አሰልፈው ላኩላት፤ ሃያ ሦስት ልጅ፤ ሁሉም "ምክር" ተሰጥቷቸው ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት እንዲመለሱ።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ዕቅድ ተጠየቀ። መምህራን ባጭሩ ተሙማ ይሉታል፤ እያንዳንዱ በትምህርት ክፍሉ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዘንድሮ በምን እንደሚሻሻል ያቅዳል፣ ፎርም ይሞላል፣ ፋይል ያደራጃል። ሀረገወይን የትምህርት ክፍል የላትም። ስለዚህ ከሙዚቃና ከስፖርት ጋር ደመሯት፤ የቡድኑ መሪ የስፖርቱ መምህር ሙሌ ነበር፤ ፊሽካው ካንገቱ የማይለይ ጨዋታ አዋቂ።

"ሀረጌ፣ እኔ ስለ ምክር ምን ዐውቄ ነው የምገመግምሽ?" አላት። "ልጁ ካዘነ ኳስ ስጪው። አምጪው፣ ልፈርምልሽ።"

ዕቅዷ ላይ አንድ ነገር ብቻ ከልቧ ጽፋ ነበር፤ "የያዝኳቸውን ጉዳዮች በወር አንድ ጊዜ ከእኔ የበለጠ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር መመርመር።" ዓብዱልሰላም አጥብቆ የነገራቸው ይህን ነበር። ብቻውን የሚሠራ አማካሪ ስሕተቱን የሚያይለት የለውም ይል ነበር። ፎርሙ ከአቶ ሀብተሥላሴ ሲመለስ መስመሩ በቀይ ተሰርዟል። ከጎኑ "በትምህርት ቤቱ የማይገኝ ግብዓት" የሚል ተጽፎ፣ ከሥሩ "በዓመቱ ቢያንስ ለሁለት መቶ ተማሪዎች ምክር መስጠት" ተተክቷል።

ከአርፋጆቹ መካከል ሶረቲ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ሀረገወይን ኬሚስትሪ አስተምራታለች፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ፈተናዋን ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ከሁሉ ዘግይታ የምትሰጥ ልጅ። አባቷ አቶ ሳኒ ሰንጋ ተራ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ቤተሰቡ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። አባትየው የስፌት መኪናቸውን ጭነው ሄዱ፤ ሶረቲ ግን ትምህርት ቤት አልቀይርም አለች። ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ እዚያ ማንም አያውቃትም። ሳይነጋ ተነሥታ ታክሲና ባቡር ቀያይራ ትመጣለች፤ ሰልፉ ከበዛ በሩ ይዘጋባታል።

ሀረገወይን አልመከረቻትም። "ቀድመሽ ተነሺ" ማለት ስድብ እንደሆነ ገብቷት ነበር። ዝም ብላ አጠገቧ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ አለፈ። በሦስተኛው ሶረቲ ስለ ታክሲው ሰልፍ፣ ስለ እናቷ ወገብ፣ አባቷ እዚያ ደንበኛ አጥተው ስለመዋላቸው አወራች። ሀረገወይን ሰማች። ኅዳር ሲገባ ሶረቲ ማርፈድ አቆመች። አንድም ቀን በር አይዘጋባትም። ሀረገወይን መዝገቡን ከፍታ "የተገኘ ውጤት" ከሚለው ሥር "ተስተካክሏል" ብላ ጻፈች፤ አቶ ሀብተሥላሴም አይተው ደስ አላቸው። ኮዬ ፈጬ ሳይቀርብ፣ ሰልፉም ሳይቀንስ ልጅቷ እንዴት ማርፈድ እንደተወች ግን አልጠየቀችም። ደስ ብሏት ነበር። መስማቷ የሠራ መስሏት ነበር።

በታኅሣሥ፣ ዓርብ ዕለት ትምህርት ሲለቀቅ ሶረቲ መጣች። አልተቀመጠችም። እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነው።

"ቲቸር፣ የምነግርዎትን ለማንም አይናገሩም?"

እዚህ ላይ ምን ማለት እንዳለባት ሀረገወይን ጠንቅቃ ታውቃለች። አንቺን ወይም ሌላን ሰው አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ይዤው አልቀመጥም፤ ለማን እንደምናገር ግን አስቀድሜ አንቺን አማክራለሁ። ይህን በፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። ነገር ግን የልጅቷ እጅ እጀታው ላይ ነበር።

"ለማንም" አለች።

ሶረቲ ተቀመጠች። ከኅዳር ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤቷ አትሄድም ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዕፀገነት ከምትባል የክፍሏ ልጅ ጋር ታድራለች። አባቷ ልደታ ካለችው አክስቷ ጋር የምታድር ይመስላቸዋል፤ ከእህታቸው ጋር ከተኳረፉ ስለቆዩ አይደዋወሉም። የዕፀገነት ታላቅ ወንድም ግን ሰሞኑን ጤና ነሥቷታል። ሁለት ጊዜ የሚተኙበትን ክፍል በር ሲሞክር ሰምታለች። ረቡዕ ዕለት ኮሪደር ላይ መንገድ ዘግቶ እጇን ያዛት፤ የዕፀገነት እናት ስትመጣ ለቀቃት።

"ምንም አላደረገኝም" አለች ሶረቲ። "ግን ፈራሁት። ሌላ ማደሪያ ብቻ ይፈልጉልኝ፣ ቲቸር። አባዬ ከሰማ ትምህርት አበቃ።"

ሀረገወይን ያን ሰዓት ደህና አድርጋ ይዛታለች። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገረቻት። ቅዳሜና እሁድን ቤቷ እንድታሳልፍ፣ ሰኞ በምሳ ዕረፍት ሰዓት ተገናኝተው አብረው መላ እንዲፈልጉ፣ እስከዚያ ወደ ዕፀገነት ቤት እንዳትመለስ ተስማሙ። ሶረቲ ስትወጣ ትከሻዋ ቀለል ብሎ ነበር።

ሀረገወይን ግን ሁለቱን ቀን መቋቋም አቃታት። ዓብዱልሰላም ጋ ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሥራ ለውጦ ከከተማ ወጥቷል መባሉን ሰምታ ነበር። የድሮ ሞጁሎቿን አውጥታ አገላበጠች፤ የሚፈለገው ሁሉ ተጽፏል፤ ለሰኞ ጠዋት የሚሆን ግን አጣች። እሁድ ከሰዓት አስፋው "ምን ሆነሻል?" አላት፤ ልትነግረው አልቻለችም። ልጅቷ ሰኞ ባትመጣስ? ያ ሰው መንገድ ላይ ቢጠብቃትስ? "ታውቂ ነበር፣ ዝም አልሽ" የሚል ድምፅ ይመጣባታል፤ ድምፁ የአቶ ሀብተሥላሴ ይመስላል። ኋላ ላይ ለራሷ ስታምን፣ ያን እሁድ ከሶረቲ ይልቅ ለራሷ ፈርታ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በፊት አቶ ሀብተሥላሴን በሩ ላይ አገኘቻቸውና በምስጢር ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሰውየው ስልካቸውን አውጥተዋል።

"ይቆዩ፣ መጀመሪያ ከእሷ ጋር ልነጋገር" አለች። "እስከ ዕረፍት ብቻ ይታገሡኝ።"

"ልጅቷ እስከዚያ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው ማነው? እኔ ነኝ። ደግ አደረግሽ የነገርሽኝ። ወላጅ ይጠራል፣ አለቀ።"

አምስት ሰዓት ላይ አቶ ሳኒ ደረሱ። አጭር፣ የሸሚዛቸው አንገት የተተኮሰ፣ ሰንጋ ተራ ሳሉ ለመምህራኑ ሱሪ ያሳጥሩ የነበሩ ሰው። ዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ዕፀገነትን በስም ጠርተው፣ ወንድሟን ጨምረው፣ አክስቲቱን ሳይረሱ። አባትየው አልጮኹም። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን እያዩ ሰሙ። ከዚያ ሶረቲ ተጠርታ ገባች። አባቷን አየች፤ ዳይሬክተሩን አየች፤ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሀረገወይንን አየች።

"ቲቸር፣ ለማንም ብለውኝ ነበር" አለች። ቃሉ እንደ ክስም አልነበረም። የተሳሳተች መሆኗን ማረጋገጥ የፈለገች ትመስል ነበር።

 አቶ ሳኒ ተነሡና ለሀረገወይን እጃቸውን ዘረጉላት።

"አላህ ይስጥዎት፣ ቲቸር። እርስዎ ባይኖሩ ልጄ በሰው ቤት ምን ትሆን እንደነበር አላውቅም" አሉ። "ከእንግዲህ ዓይኔ ሥር ትሆናለች።"

ሶረቲ ቦርሳዋን ከክፍል እንድታመጣ ተደረገ። ስልሳ ልጅ እያያት ደብተሮቿን ለቀመች። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ግቢውን አዳርሷል፤ ዕፀገነትም በማግስቱ የምክር ክፍሉ መስኮት ላይ ተፍታ አለፈች። ከዚያ ሳምንት በኋላ በገዛ ፈቃዱ የሀረገወይንን በር የሚያንኳኳ ተማሪ ጠፋ። የሚመጡት ተሰልፈው የሚላኩት ብቻ ሆኑ፤ እነሱም ሲጠየቁ "ደህና ነኝ፣ ቲቸር" ብለው ጣሪያ ያያሉ።

በጥር ወር አጋማሽ አቶ ሀብተሥላሴ ቢሯቸው አስጠሯት። ፊታቸው ፈክቷል።

"በጉድኝት ማዕከሉ የተሙማ ቀን አለ" አሉ። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድነት የሚገናኙበት ቀን ነው። "ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ምርጥ ተሞክሮ ይቀርባል። የእኛን አንቺ ታቀርቢያለሽ። የሶረቲን ጉዳይ። ስሟን አትጠሪ። ርዕሱን አዘጋጅቼልሻለሁ።"

ወረቀቱ ላይ "ወላጅን በማሳተፍ የተማሪን ችግር ከሥሩ መፍታት" ይላል። ሀረገወይን አነበበችው፤ ተቀብላውም ወጣች። እምቢ አላለችም።

እሁድ ኮዬ ፈጬ ሄደች። እስከ ቃሊቲ በባቡር፣ ከዚያ በሁለት ታክሲ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጅቶባት ደረሰች። ልጅቷ በየቀኑ የምትመጣው በዚህ መንገድ ነበር። አቶ ሳኒ ከሕንፃው ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ የስፌት መኪናቸውን ተክለዋል። ሶረቲ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። አባትየው ደስ ብሏቸው ለስላሳ ሊገዙ ወጡ።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አለች ሀረገወይን።

ሶረቲ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ኬሚስትሪ ሲያስተምሩን ይቆጡን ነበር" አለች። "ደብተራችንን ይቀድዱ ነበር። ግን ዋሽተውን አያውቁም።"

"መንገር ነበረብኝ፣ ሶረቲ። እዚያ ቤት እንድትቆዪ ማድረግ አልችልም ነበር። ግን አስቀድሜ ላንቺ..."

"መንገሩን አይደለም የምልዎት። ‘ለማንም’ ማለት አልነበረብዎትም። እውነቱን ቢነግሩኝ ኖሮ... እኔ ራሴ አስቤ፣ እናቴን ቀድሜ..." አልጨረሰችውም። ሌላ ቁልፍ አነሣች።

ከዚያ ሳትጠየቅ አንድ ነገር ነገረቻት። አቅራቢያቸው ያለው ትምህርት ቤት ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይጀምር ከቀድሞው ትምህርት ቤት መልቀቂያ ካመጣች ሊቀበላት ተስማምቷል። አባቷ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው አልተሰጣቸውም። ሀረገወይን "ቃል እገባ..." ልትል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ዋጠችው። "እሞክራለሁ" አለች። ሶረቲ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናው አዞረች።

ሰኞ ጠዋት መልቀቂያውን ጠየቀች። አቶ ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረጉ። "ችግር የለም፣ እፈርማለሁ። ብቻ የቅዳሜው ይለፍና። አሁን ስለ አቀራረብሽ እናስብ።"

ቅዳሜ በጉድኝቱ አዳራሽ ሃምሳ የሚሆን መምህር ተቀምጧል። ሀረገወይን ከፊታቸው ቆማ የተዘጋጀላትን ወረቀት የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበበች። ሁለተኛው "በተሰጣት የምክር አገልግሎት ተማሪዋ ከአደጋ ተርፋ..." ይላል። እዚያ ላይ ቆመች። ወረቀቱን አጠፈችው።

"እንዲህ አልነበረም" አለች።

የሆነውን ከሥሩ ነገረቻቸው። ልጅቷ ማርፈድ ስታቆም እንዴት ብላ እንዳልጠየቀች። መጠበቅ የማትችለውን ቃል እንደገባች። እስከ ዕረፍት ሰዓት መታገሥ አቅቷት ለዳይሬክተሩ እንደተናገረች፤ እሳቸውም እዚያው ስልክ እንዳነሡ። ልጅቷ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ቁልፍ እየተከለች መሆኑን። ሃምሳው ሰው አንድ ላይ ዞሮ አቶ ሀብተሥላሴን አየ። ሰውየው እስክሪብቷቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ከኋላ አንድ ጢማም መምህር እጁን አወጣ። "ይቅርታ፣ እኅቴ፣ ታዲያ ምርጥ ተሞክሮው የቱ ጋ ነው?"

ጥቂት ሰው ሳቀ። መድረክ መሪው ስለ ሰዓት አንድ ነገር ተናግሮ ወደሚቀጥለው አቅራቢ አለፈ። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ኑኃሚን የምትባል አማካሪ ብቻ በር ላይ ጠብቃ ስልክ ቁጥሯን ተቀበለቻት፤ ሌላ ነገር አላለችም።

ሀረገወይን በእግሯ ወደ ልደታ ተመለሰች። ከታኅሣሥ ወዲህ እንደዚያን ቀን ቀልሏት አያውቅም። ቤቷ ስትገባ ርቧት በላች፤ አስፋውን ስለ መሥሪያ ቤቱ ጠየቀችው፤ አስጨርሳም ሰማችው።

ሰኞ መልቀቂያው አልተፈረመም። ሶረቲ ሁለት የመማሪያ መጽሐፍ አልመለሰችም ተባለ። ሀረገወይን ማክሰኞ ኮዬ ሄዳ መጻሕፍቱን አመጣች። ረቡዕ ማኅተሙን የሚይዘው ሰው የለም። ሐሙስና ዓርብ አቶ ሀብተሥላሴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሳምንቱ ሰኞ በራቸው ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው።

"በእኔ ተቀይመው ከሆነ እኔን ይቅጡኝ" አለች። "ልጅቷ ምን አደረገች?"

"ማን ተቀየመ?" አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፤ ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። "አሠራር አለ። አንቺ ራስሽ በሕዝብ ፊት ተቻኩላችሁ ሠራችሁ አልሽ። አሁን ሳንቸኩል እንሥራዋ።"

ሁለተኛው ሴሚስተር በተጀመረ በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈረመ። ሀረገወይን በዚያው ቀን ይዛው ሄደች። የኮዬው ትምህርት ቤት ምክትል ዳይሬክተር ደብዳቤውን አገላብጠው አዩና ምዝገባው መዘጋቱን፣ ስም ዝርዝሩም መተላለፉን ነገሯት። ለመነቻቸው። ቢከፋቸውም የሚያደርጉት አልነበረም። ወደ ሱቁ ወርዳ ለአቶ ሳኒ ስትነግራቸው "ግድ የለም፣ ለከርሞ ነው" አሉ። "ልጅ ናት፣ አንድ ዓመት ምን አላት?" ሶረቲ ደብዳቤውን ተቀብላ ቀኑን አነበበች፤ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ለሀረገወይን የከበዳት ይህኛው ነው። የመጀመሪያው ስሕተቷ የድንጋጤ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ችግር ሲመጣ ወደ ዳይሬክተር መሮጥ የለመደ ሰው ስሕተት። ሁለተኛውን ግን ዐውቃ ነው ያደረገችው። ፊርማው እሳቸው እጅ እንዳለ እያወቀች፣ አንድ ሳምንት ብትታገሥ ኖሮ እውነቱ የትም እንደማይሄድ እያወቀች ተናገረች። ያን ቅዳሜ ቀለለኝ ያለችው ሸክም ተወርውሮ ልጅቷ ላይ ነው የወደቀው። ይህን ለአስፋው ስትነግረው፣ "እውነት መናገርሽን እኔ አልነቅፍም" አላት። እሱ እንዲነቅፋት ነበር የፈለገችው።

በዓመቱ መጨረሻ የሥራ አፈጻጸሟ ከግቢው ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ። ከሁለት መቶው ተማሪ ሰባ አንድ ብቻ መክራለች። የተሙማ ፋይሏም ጎደሎ ነው ተባለ። በተከታዩ ዓመት መምህር ስለጎደለ በሳምንት ስምንት ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪ ጨመሩላት፤ የምክር ክፍሉ ጥግም ለስፖርት ክፍል ኳሶች ተሰጠ። ሙሌ ኳሶቹን ሲያስገባ አፍሮ፣ "ሀረጌ፣ እኔ አላልኩም" አላት። ሶረቲ በመስከረም ኮዬ አሥረኛ ክፍልን እንደ አዲስ ጀመረች። ይህን የነገሯት አቶ ሳኒ ናቸው፤ በስልክ። "ላገናኝሽ?" ብለው ሶረቲን ሲጠሯት ከኋላ "ሥራ ይዣለሁ በላት" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ኑኃሚን ግን ደወለች። አሁን ሦስት አማካሪዎች በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ጠዋት ሜክሲኮ አንዲት ካፌ ፎቅ ላይ ይገናኛሉ። ስም ሳይጠሩ የያዙትን ጉዳይ ይነጋገራሉ፤ ያበላሹትንም ጽፈው ያነባሉ። ሀረገወይን ዕቅዷ ላይ ልታስገባው ሞክራ ነበር፤ ፈራሚ ኃላፊ የሌለው ስለሆነ አይቆጠርም ተባለ። ቢሆንም ትሄዳለች። የመጀመሪያው ቀን የሶረቲን ጉዳይ ስታነብ ኑኃሚን በመሃል አስቁማት፣ "ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ምን ልትያት ነበር?" ብላ ጠየቀቻት። ሀረገወይን አሰበች። አላወቀችም። ያን ሁሉ ጊዜ አስባው አታውቅም ነበር።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማንም ሳይልካት መጣች። ሀረገወይን ወንበር ሰጠቻትና፣ ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ አሁን ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቀስ ብላ ተናገረች።

"የምትነግሪኝን ይዤ እቀመጣለሁ። አንቺን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም። ለማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚነገር ካንቺ ጋር እንወስናለን እንጂ፣ ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል አልገባልሽም።"

ልጅቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠመዝዝ ቆየች።

"እሺ፣ ቲቸር" አለች። "እንግዲያው ሌላ ቀን እመጣለሁ።"

ሀረገወይን "ጠብቂ" ልትላት ፈለገች። አላለቻትም። ልጅቷ ኳሶቹን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወጣች፤ ሀረገወይንም ስሟን እንኳ እንዳልጠየቀቻት ትዝ ያላት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።